ጨው የበዛበት ጭብጦ

ልጄ ማኅሌት ከትናንት ጀምሮ ወጥ ቤቱን ወስዳብኛለች። ስልኳን የዱቄቱ ጣሳ ላይ አስደግፋ፣ ስልኩ ውስጥ አንዲት ፈገግታ የማይለያት ሴትዮ ብስኩት ስትሠራ እያየች፣ የሴትዮዋን እጅ እየተከተለች ታቦካለች። ገና ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ቅቤው ቀልጧል፣ እንቁላሉ ተመትቷል፣ ስኳሩ ተሰፍሯል። ሴትዮዋ በየመሃሉ ጣቷን ነክራ እየላሰች «ቅመሱትና ካነሰው ጨምሩበት» ትላለች። ማኅሌት እጇ ሊጥ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ማን ይቅመስልኝ?»

«ማንም አይቀምስልሽም። ጾም ነው።»

«ታዲያ በምን ላውቀው ነው?»

«እኛስ በምን እናውቅ ነበር?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን ሳቄ መጣ፤ እኛም አናውቅም ነበርና።

ብስኩቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ ለቤት ነው፣ ለገና ለሚመጡት እንግዶች። ግማሹ ነገ ጠዋት በመኪና ኮምቦልቻ ይሄዳል፣ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ይርጋ። ይርጋ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጤናው ደህና ነው፣ ሥራው ደህና ነው፣ ከማንም አልተጣላም። ብቻ ለገና አይመጣም። ካቻምና ሥራ በዛብኝ አለ፤ አምናም እንደዚያው። እኅቱ ብስኩት ትልክለታለች፣ እሱ ደግሞ አፉ እንደሞላ ይደውልና «ይጣፍጣል እማዬ፣ እጃችሁ ይባረክ» ይለኛል። ደግ፣ እጃችን ተባረከ። ልጁን ግን ካየሁት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ናፍቆኛል።

ሊጡ ሲታሽ እያየሁ፣ ሌላ ጾም ላይ የተሠራ ሌላ ጣፋጭ ትዝ አለኝ። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ምናልባትም ዐሥራ አምስት። በእኛ ጊዜ የልጅ ዕድሜ የሚጠየቀው እናት ትዝ ባላት መጠን ነው፤ እናቴ ደግሞ እንደ ቀኗ ትለዋውጠው ነበር። ሥራ ስታዝዘኝ ትልቅ ልጃገረድ ነኝ፣ የሆነ ቦታ ልሂድ ስል ገና ሕፃን።

እናቴ ደብሬ ከላሊበላችን በስተሰሜን ያለችው የብልባላ ልጅ ናት። አባቷ፣ አያቴ አባ ይመር፣ ገበሬ ናቸው፤ ንብ አናቢም ነበሩ። እናቴን ለመንደራቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ሳለ፣ እሷ ለገበያ ወደ ላሊበላ በወረደች ቁጥር የምታየውን አባቴን መረጠች። አባቴ ሞላ የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ክንዱ ላይ ፎጣ። አያቴ ይኼን ሲሰሙ የተናገሩትን ብልባላ ሁሉ ያውቀዋል፤ «እኔ ልጄን ለሰው ነው የምሰጥ፣ ለሰሃን ተሸካሚ አይደለም» አሉ። እናቴም ብዙ አልቆየች፣ ነጠላዋን አንጠልጥላ አባቴ ዘንድ መጣች። ሠርግ የለ፣ ምርቃት የለ። ከዚያ ወዲያ አያቴ ደጃችንን አልረገጡም፣ እሷም የአባቷን።

የሚያቃጥለው ነገር፣ አያቴ በየዓመቱ ላሊበላ ይመጡ ነበር። የገና ሰው ሁሉ ሲመጣ እሳቸውም ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ሆነው በእግራቸው ይመጣሉ። የብልባላ ሰዎች በሰሜን በኩል፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ነው የሚያርፉት። ወይራው ከደጃችን ይታያል። ጮክ ብለው ቢጣሩ ይሰማል ማለት ይቻላል።

በላሊበላ ደግሞ ገና ሲሆን እንግዳ መቀበል ነው። ከዋግ ይምጣ ከኩልመስክ፣ በእግሩ የመጣ ሰው ደጃፍህ ላይ ከቆመ ታስገባዋለህ፣ ውኃ ሞቅ ታደርጋለህ፣ እግሩን ታጥበዋለህ፣ ያለህን ታካፍለዋለህ። ማንም ሰው ማን ነህ አይለውም። የእኛ ቤት ጠባብ ብትሆንም በዚያ ሰሞን መርገጫ አይገኝባትም ነበር። እናቴ ስሙን የማታውቀውን ሰው እግር አጥባ ስትጨርስ፣ ውኃውን ለመድፋት ትወጣና ጣሳውን እንደያዘች ወደ ወይራው ታያለች። ቆም ብላ ታያለች። ከዚያ ውኃውን ደፍታ ትገባለች። እኔ ልጅ ሆኜ አጥባ ስትጨርስ ወገቧን የምታሳርፍ ይመስለኝ ነበር።

በመሃላቸው አንዲት ሰው ነበረች፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ። እትዬ ዘውዴም የብልባላ ልጅ ናት፣ ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች፣ አያቴን ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች። ክረምቱ ወጥቶ ማር ሲቆረጥ ብልባላ ገበያ ትሄድና ከአያቴ ማር ትገዛለች። «ለቤቴ ነው» ትላቸዋለች። ማሩ ግን በቀጥታ ወደ እናቴ ይመጣል። እናቴ በዚያ ማር ለገና የማር ጭብጦ ትሠራለች፣ አባቷ ቤት ሳለች ለበዓል የምትሠራውን። የገና ዕለት ጠዋት እትዬ ዘውዴ ጭብጦውን በአገልግል ይዛ ወደ ወይራው ትወጣና «አባ ይመር፣ ከቤቴ ነው፣ ጾም ይግደፉበት» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይበላሉ። ስትመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ትጠብቃታለች።

«በሉ?»

«በሉ እንጂ።»

«ምን አሉ?»

«እጅሽ ይባረክ አሉኝ።»

«ይሁን» ትላለች እናቴ፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በየዓመቱ ይኼው ነው። አንድም ዓመት ሌላ ነገር ሰምታ አታውቅም፣ ግን አንድም ዓመት ሳትጠይቅ አልቀረችም።

እትዬ ዘውዴን የሚያውቅ ሰው ይኼን ሲሰማ ይስቃል። ደግ ሴት ናት፣ እግዜር ነፍሷን ይማር፣ ወጥ ግን አይሆንላትም። ውኃ እንኳ ያፈላች እንደሆን ጢስ ጢስ ይላል። ባሏ ልቅሶ ቤት መሄድ የሚወደው ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እሷ ናት እንግዲህ በጭብጦ የምትመረቀው።

ጭብጦ ቀላል ነገር ነው። ምድጃ አይፈልግ፣ እንቁላል አይፈልግ፣ ስልክ ውስጥ ያለች ሴትዮ አይፈልግ። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። የተነጠረ ቅቤ ኮረሪማ ጣል ተደርጎበት ይሞቃል፣ ማሩ ይለሰልሳል፣ ሁሉም ገበቴ ላይ አንድ ላይ ይታሻል። ከዚያ በእጅ ሙሉ እየተነሳ ይጨበጣል። እጅ ሲከፈት የአራቱ ጣቶች ፈለግ ላዩ ላይ ይቀራል። በእኛ አገር ብርድ አንድ ሌሊት ካደረ ይጠነክራል፣ ለሳምንትም አይበላሽም። ትንሽ ጨው ካልገባበት ግን ማሩ ጉሮሮ ይይዛል ባይ ናት እናቴ። ጨው የምትጨምረው በእጇ ነው፣ በዓይኗም አታየው፣ ሌላ ነገር እያወራች ጣል ታደርጋለች፣ ልክ ይሆናል።

በዚያ ዓመት፣ ጾሙ እንደተጋመሰ፣ እናቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ አንሸራተታትና ወደቀች። ጀሪካኑ ተርፎ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ወጌሻው ሸምበቆ ሰንጥቆ በጨርቅ ጠቅልሎ አሰረላትና «እስከ ጥምቀት ምንም እንዳታነሺበት» አላት። ሌላ ሴት ቢሆን ለእጇ ታለቅሳለች። እናቴ ወጌሻው እንደወጣ ግድግዳውን ተደግፋ «ጭብጦውስ?» አለች።

«ዘንድሮ ይቅር እንጂ» አላት አባቴ። «ሰው እጁ ተሰብሮ ጭብጦ ይሠራል እንዴ?»

«አይቀርም።»

«ዘውዴ ትሥራው እሺ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ዘውዴን ያውቃል እኮ። አባቴም ያለውን ረስቶ ሳቀ።

እንዲህ ሆኖ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፣ ፈራሁ። እናቴ ይኼ ነገር ለምን እንደማይቀር ያን ቀን ነበር በግልጽ የነገረችኝ። ጭብጦው የቀረ ዕለት አባቷ «ልጄ ረሳችኝ» ይላሉ ብላ ነበር የምትፈራው። «አያውቁማ ከአንቺ መሆኑን» አልኳት። «የእትዬ ዘውዴ ነው እኮ የሚመስላቸው።»

«ይምሰላቸው» አለች። «እኔ አውቀዋለሁ።»

በዓሉ ሲቃረብ እሷ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጣ በአፏ ትሠራለች፣ እኔ በእጄ። ቅቤው በዛ፣ በሶው አነሰ፣ እንደ ጭቃ አታጥብቂው፣ ማሩን ከዳር ጀምሪ። ማር እንኳ በጾም ይቀመሳል፣ ቅቤው ነው የከለከለን። የተቀላቀለ ዕለት ጣት መላስ የለም። እጄ እስከ ክርኔ ማር ነክቶት፣ ምራቄን ዋጥ እያደረግኩ አሻለሁ። እናቴ ዓይኗን ከጣቴ ላይ አታነሳም።

መሃል ላይ ወጌሻው እሥሩን ሊያላላላት አስጠራት። ልትወጣ ስትነሳ «ጨው ጣል አድርጊበት፣ እንዳትረሺ» አለችኝ። እኔ የመርሳት ስም ወጥቶልኝ ነበር፤ ለዕቃ ተልኬ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን ግን አልረሳሁም። ደግሜ ደጋግሜ ለራሴ እየነገርኩ ጣል አደረግኩበትና አሸሁት። ከዚያ እጄን ለቅልቄ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ተመልሳ ገበቴው አጠገብ ተቀምጣለች። ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አላልኳት። ሁለታችንም ሥራው ማለቁ ነበር ደስታችን። እየጨበጥኩ ሰፌድ ላይ ደረደርኩት።

ሲያልቅ ግን እናቴ አንዱን በግራ እጇ አነሳችና አገላበጠችው። የእሷ ጭብጦ ትልቅ ነው፣ የጣቶቿ ፈለግ ሰፊ ነው። የእኔ አነስ ያለ፣ ፈለጉም ቀጭን ቀጭን። «ጥሩ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን ጥሩ ነው አላለም። በአጭሩ፣ የእሷ እጅ ያልነካው ነገር ወደ አባቷ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የገና ዕለት ጠዋት፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከፍልፍሉ አለት ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ ቆይተው፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን፣ ፀሐይ ገና ድንጋዩን አላሞቀችውም ነበር። የሰዉ ትንፋሽ ይታያል። ነጭ የለበሰው ሁሉ ወደየማረፊያው ሲወጣና ሲወርድ አቧራው ደስ የሚል ሽታ አለው፣ የጤፍ ገለባና የሰው። ያን ዓመት እትዬ ዘውዴን አብሬሽ ልሂድ ብዬ ለምኜ ነበር። የሠራሁት ሲበላ ማየት ፈለግኩ። ከዚያ የበለጠ ግን አያቴን በቅርብ ማየት ነበር የፈለግኩት። ሌሎች ልጆች አያት አላቸው፣ ይቆጣል፣ ቆሎ ይሰጣል፣ ያወራል። የእኔ አያት ወይራ ሥር ያለ ነጭ ጋቢ ነበሩ።

«እሄዳለሁ ካልሽ አፍሽን ያዢ» አለችኝ እትዬ ዘውዴ። «ማን ናት ካሉኝ የእኅቴ ልጅ ናት ነው የምላቸው።»

አያቴ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፣ ጉንጫቸው ገባ ያለ። አጠገባቸው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። እትዬ ዘውዴን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። እንዳየኋቸው የእናቴን አገጭ አየሁባቸው።

«እንኳን አደረሰዎ አባ ይመር። ከቤቴ ነው፣ ጾም ይግደፉበት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አረጀሁ መቼስ፣ አንቺ ግን አትረሺኝ።»

አገልግሉን ከፈተችው። አንዱን አነሱ። እንዳነሱት ቆም አሉ፣ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩት። ከዚያ ገመጡ። አንዴ አላመጡ፣ ሁለቴ አላመጡ፣ ማላመጣቸውን አቆሙ። አልተፉትም። ቀስ ብለው ዋጡትና እጃቸውን ለውኃ ዘረጉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኮዳ አቀበሏቸው፣ ጠጡ።

«ዘውዴ» አሉ። «ይኼን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ አባ ይመር። ማን ይሠራዋል?»

«አንቺ በዕድሜሽ ጭብጦ ሠርተሽ አታውቂም።»

እትዬ ዘውዴ አገልግሉን መክደን ጀመረች።

«ያቺ ልጅ ምን ሆነች?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«አታድርቂኝ እንጂ ዘውዴ። ደብሬ። ደብሬ ምን ሆነች?» ጭብጦውን ወደ ፊቷ አስጠጉት። «ሞታ ነው? ሰው እንዳይነግረኝ ተባብላችሁ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዳቸውም ደብሬ ማን ናት አላሉም። እነሱም ያውቁ ነበር ማለት ነው፣ ወይራውም ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ማወቃቸውን የማናውቀው እናቴ፣ እትዬ ዘውዴና እኔ ብቻ ነበርን። አፌን መያዝ አቃተኝ።

«አልሞተችም» አልኩ። «እጇ ነው የተሰበረ። ወድቃ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ያን ጊዜ ነው ያዩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ልጇ ነኝ። ትርንጎ እባላለሁ።»

አያቴ ግንዱን ይዘው ተነሱ። የያዙትን ጭብጦ አላስቀመጡትም፣ በትራቸውን ግን እዚያው ረሱት። «ምሪኝ» አሉኝ። እኔ ከፊት እሳቸው ከኋላ፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወረድን። እትዬ ዘውዴ በትሩንና አገልግሉን ይዛ ከኋላችን «ቀስ ይበሉ፣ ኧረ አባ ይመር ቀስ» እያለች ትከተላለች። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሙ፣ ለእሷ ዞረው «በየዓመቱ ማሩ ላይ ያን ሁሉ ምራቂ የምጨምርልሽ ለአንቺ መስሎሻል?» አሏት። እትዬ ዘውዴ እንደሆነች ያን ምራቂ ለቆንጆ ዓይኔ ነው ብላ ነበር የምትበላው። ለእናቴም አልነገረቻት።

እናቴ እንደ ልማዷ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እኔን አየችኝ፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «በሉ?» ብላ ለመጠየቅ የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አያቴ ፊቷ ቆመው የታሰረውን እጇን አዩ።

«ማን አሰረው?» አሉ።

«ወጌሻው።»

«ይጠዘጥዝሻል?»

«ሌሊት ሌሊት።»

«ደህና አስሮታል» አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች የተነጋገሩት ይኼንን ነው። ከዚያ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አያቴ በእጃቸው የያዙትን ጭብጦ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ወደ እኔ ዘረጉልኝ፣ ተቀበልኳቸው፣ ባዶ እጃቸውን የእናቴ ራስ ላይ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ እትዬ ዘውዴም አለቀሰች፤ እሷማ ለቅሶ ትችልበታለች።

«ትርንጎ፣ ውኃ አሙቂ» አለች እናቴ።

አያቴን መደቡ ላይ አስቀመጥናቸው። እናቴ ከፊታቸው ተንበረከከች። «ተይ ደብሬ፣ በአንድ እጅሽ» አሏት።

«አንዱ ይበቃል አባዬ።»

እኔ ውኃውን እያፈሰስኩ፣ እሷ በግራ እጇ አጠበቻቸው። የብልባላ መንገድ አቧራ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ አጠበች፣ ከጠራም በኋላ አጠበች፣ እሳቸውም በቃ አላሉም። ውኃውን ልደፋ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ወይራው ቀና ብዬ አየሁ፣ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ስመለስ እናቴ ጭብጦውን ከእጄ ወስዳ ገመጠች። ፊቷን ቋጠረችው።

«ጨው ስንቴ ጨመርሽ?»

«አንዴ። አንቺ ስትወጪ።»

የቀረውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ረስተሻል ብዬ እኔም ጨመርኩበት» አለች። «በግራ እጄ። መጠኑን አላውቅበትም።» አያቴ ይኼን ሲሰሙ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የለውም። እናቴም እንደዚያ ነው የምትስቀው፣ ከማን እንዳመጣችው ያን ቀን አወቅኩ። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ግን፣ ሰው ፊት ስታወራው፣ ጨዉን ያበዛሁት እኔ ነኝ ትል ነበር። ተውኳት።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሆቴል መጣ። የበዓል ቀን ሥራ ይበዛል፣ ለትንሽ ጊዜ አስፈቅዶ ነው፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በክዳን የተሸፈነ ሰሃን ይዞ። በሩ ላይ አያቴን ሲያይ ሰሃኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሱም ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ሰሃኑን አያቴ ፊት አስቀመጠና ክዳኑን አነሳ። አያቴ ሰሃኑን አዩ፣ እሱን አዩ።

«ከባድ ነው?» አሉት።

«ምኑ አባቴ?»

«ይኼ ሰሃን። ቀኑን ሙሉ መሸከሙ።»

«ለምዶብኛል።»

«ተቀመጥና አብረን እንብላ» አሉት። ይቅርታ ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ ከዚያ በላይ አላሉም፣ አባቴም ከዚያ በላይ አልፈለገም።

ከዚያ ወዲያ በየገናው እኛ ቤት አረፉ። ጥር ወር ላይ ደግሞ እናቴ እኔን ይዛኝ ብልባላ ወጣች፣ አያቴም ያስቀሩትን ምርቃት ሰጧት። ጭብጦ ስንሠራ ለብቻው አንድ፣ ጨው የበዛበት እንድናደርግላቸው ያዝዙ ነበር። በምን ሆዳቸው እንደሚበሉት አላውቅም፣ ግን ይበሉታል፣ ውኃ ይጠጡበታል።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ልክ አድርጋ ሠርታ ላከች። ጣፍጦ፣ ለስልሶ፣ ጨዉ ተመጥኖ። እሳቸውም ቀመሱ፣ ደህና መሆኗን አወቁ፣ በዚያው አረፉ። እጅሽ ይባረክ ብለው ወደ ብልባላ ተመለሱ። ከወይራው እስከ ቤታችን ያለችውን ቁልቁለት የወረዷት የተበላሸ ነገር የቀመሱ ቀን ነው። እናቴ ይኼን አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዓመት ጨዉን ትገለብጥበት ነበር።

ማኅሌት ሊጡን ሁለት ቦታ ከፈለችው። «ይቺ የቤት፣ ይቺ የይርጋ» ብላ በሁለት ሳህን አስቀመጠችና ምድጃው እስኪግል ጓደኛዋን ልታነጋግር ስልኳን ይዛ ደጅ ወጣች። የሴትዮዋም ድምፅ አብሮ ወጣ። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ።

የይርጋ ሊጥ ፊት ቆምኩ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ቅቤው የሚሸት ነው። የጨው ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። መጠኑን በማያውቀው በግራ እጄ ዘገንኩና በተንኩበት፣ በደንብ አሸሁት፣ እንደነበረ አድርጌ አስተካከልኩት።

ነገ ይሄዳል። የገና ዕለት ጾም ሲገድፍበት ይደውላል። ልጄን አውቀዋለሁ፣ አንዴ እንደገመጠ ይደነግጣል፣ «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ይለኛል።

መጥተህ እይ እለዋለሁ።